ከባሮ በፊት ያሉ ሦስት ኩሬዎች

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ብዙ አልቆየም ነበር። ሁሉ ነገር አዲስ ነው፤ ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ ሹመቱ አዲስ፣ እኔም አዲስ። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ በከተማው ዳር ወዳለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ሆኜ ተመደብኩ። ወላጆቼ በሰፈራ ጊዜ ከደጋ መጥተው የሚያርሱባት መንደር ሩቅ ስላልነበረች ምደባው ደስ አሰኘኝ። ይበልጥ ደስ ያሰኘኝን ነገር ግን ለሰው ስናገር ይስቁብኛል። ትምህርት ቤቱ የፍሳሽ ቆሻሻ ማጣሪያ ኩሬዎች ነበሩት።

ሌሎቹ አዲስ መምህራን በዚያ በኩል ሲያልፉ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ክፍሌን በሙሉ አሰልፌ ወደዚያ ወረድኩ። በመጽሐፍ ላይ ሥዕሉን ብቻ ያየሁት ነገር እዚህ በሜዳ ላይ ተዘርግቶ ሲሠራ እንዴት ዝም ብዬ አልፋለሁ?

አሠራሩ ቀላል ነው። ከተማሪዎቹ መኝታ፣ ከመታጠቢያው፣ ከወጥ ቤቱና ከአጠገባችን ካለው ጤና ጣቢያ የሚወጣው ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ተሰብስቦ ወደ መጀመሪያው ኩሬ ይገባል። ይህ ኩሬ ጥልቅና ጥቁር ነው። ጠጣሩ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ አየር የማይፈልጉ ረቂቅ ተሕዋስያንም እዚያ ሥር ሆነው ይበሉታል። ይሸታል፤ አይሸትም ብዬ አልዋሽም። ከዚያ ውሃው ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ሁለተኛው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ነው፤ ቀለሙም እንደ ጎመን አረንጓዴ። አረንጓዴው ቆሻሻ አይደለም። በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ዕፅዋት ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እየሞቁ ለውሃው ኦክስጅን ይሰጡታል፤ አየር የሚፈልጉት ሌሎቹ ተሕዋስያን ደግሞ በዚያ ኦክስጅን እየተነፈሱ የተረፈውን ቆሻሻ ይጨርሳሉ። በሦስተኛው ኩሬ ውሃው ዝም ብሎ ይተኛል፤ ፀሐዩም በሽታ አምጪዎቹን ይገድላል። ከዚያ በሸምበቆ መሐል በጠባብ ቦይ አልፎ ባሮ ወንዝ ይገባል። ሌላ አገር ለዚህ ሥራ ሞተር ይተከላል አሉ። የእኛ ሞተር ፀሐይ ነበረች፤ የጋምቤላ ፀሐይ ደግሞ ፈቃድ ወስዳ አታውቅም።

ኩሬዎቹን የሚጠብቁት እንደ አባቴ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። በረጅም እንጨት ቱቦውን ይጠርጋሉ፤ ከመጀመሪያው ኩሬ የሚወጣውን ዝቃጭ በበጋው አድርቀው አድርቀው አፈር ሲመስል ለበቆሏቸው ያደርጉታል። ተማሪዎቼ ይቀልዱባቸዋል።

«አባባ፣ በቆሎዎ ይሸታል!»

«ከእናንተው የመጣ ነው። እንደ እናት ቤት ሽታ ቁጠሩት!»

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ወባው በረታ። የክፍሌ ግማሹ ወንበር ባዶ ሆነ። ቀበሌው የዘመቻ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ማጭዱንና አካፋውን ይዞ ወጥቶ ሣር ያጭዳል፣ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ይደፍናል። የማይደፈነው ላይ ደግሞ ከጋራዥ የተለቀመ የተቃጠለ ዘይት ይፈስበታል። የዘመቻው ሊቀመንበር እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ በጤና ረዳትነት የሠለጠነ ወጣት ነበር፤ ሲስቅ ከሩቅ የሚሰማ፣ ሲወስን ደግሞ የማይመለስ ሰው። አንድ ሰኞ ሁለት በርሜል ዘይት በጋሪ አስጭኖ ኩሬዎቻችን ዳር መጣ።

«መምህርት፣ ቅዳሜ እዚህ ዘይት እናፈሳለን።»

«የቱ ላይ?»

«ሦስቱም ላይ። ከዚህ የሚበልጥ የቆመ ውሃ ከተማው ውስጥ የት አለ?»

«የቆመ አይደለም እኮ፤ ይሄዳል። በዚያ ገብቶ በዚህ ይወጣል።»

«ሲሄድ አላየሁትም።»

«ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነው።»

«እንደ አዲሶቹ ቢሮዎቻችን ነው በይኛ!» ብሎ ሳቀ፤ ጋሪ ገፊዎቹም አብረውት ሳቁ።

እኔ ግን ማስረዳት ጀምሬ ነበርና አላቆምኩም። ዘይት ውሃ ላይ ሲሰፋ የትንኝ እጭ ወደ ላይ ወጥቶ መተንፈስ ያቅተውና ይታፈናል፤ ለመንገድ ዳር ጉድጓድ ይህ ትክክል ነው አልኩት። ግን ኩሬዎቻችንም የሚተነፍሱት በዚያው ላይ ነው። ዘይቱ ፀሐዩን ይጋርዳል፤ አረንጓዴው ይሞታል፤ ሁለተኛው ኩሬ እንደ መጀመሪያው ጠቁሮ ይገማል። ያን ጊዜ ከመጸዳጃ ቤት የወጣው ሁሉ እንደወጣ ባሮ ይገባል። ከቦዩ በታች ባለው መንደር ደግሞ ሰው የሚጠጣው ባሮን ነው።

ሊቀመንበሩ መሳቁን ተወ። አዳመጠኝ፤ ይህን አልክደውም።

«ያልሽው ሊሆን ይችላል። ልጄ ግን ትናንት ነው ከትኩሳት የተነሣችው። የጎረቤቴ ልጅ ገና አልተነሣችም። ወባው ዛሬ ነው ያለው መምህርት፤ የአንቺ ቆሻሻ ነገ ነው የሚመጣው።»

በርሜሎቹን ለሽማግሌው አደራ ብሎ ሄደ።

ከቦዩ በታች ያለውን መንደር የማውቀው በትምህርት ቤቱ በር ላይ የተጠበሰ በቆሎና የደረቀ ዓሣ በምትሸጥ አንዲት አኝዋክ እናት በኩል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መንግሥት በተለወጠበት ግርግር ቱቦው ተሰብሮ ፍሳሹ በቀጥታ ወንዙ ውስጥ ይገባ እንደነበር የነገረችኝ እሷ ናት። ያን ጊዜ የመንደሩ ሕፃናት በተቅማጥ አለቁ፤ ከእሷም ልጆች አንዱ ተቀበረ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ እንስራቸውን ተሸክመው ከባሮ ድልድይ በላይ ድረስ እየወጡ ይቀዱ ነበር። ቱቦው ተጠግኖ ኩሬዎቹ መሥራት ሲጀምሩ ነው እንደ ጥንቱ ከቤታቸው ፊት ለፊት አሸዋውን እየቆፈሩ መቅዳት የጀመሩት።

በዚያው ቀን ከሰዓት ወደ እሷ ወረድኩ። አሸዋው ላይ ተንበርክካ የውሃ ጉድጓዷን በቅል እየጠረገች አገኘኋት። ውሃ ከወንዙ በቀጥታ አይቀዱም፤ ከዳሩ ፈቀቅ ብለው አሸዋ ይቆፍራሉ፤ ውሃው በአሸዋው ውስጥ ተጣርቶ ይመጣላቸዋል። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ሐሳቤ መንደሩን ይዛ ቅዳሜ እንድትመጣና ከእኔ ጋር «አይፈስም!» እንድትል ነበር። እሷ ግን ዞር ብላ ወደ ቤቷ አየች። ትንሽ ልጇ ደጃፉ ላይ በቁርበት ላይ ተኝቷል፤ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል።

«ዘይቱ ትንኝ ይገድላል?» አለችኝ።

«ይገድላል።»

«ታዲያ አንቺ ዘይት አይፈስም ትያለሽ።»

«ውሃሽ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

«አንድ ልጅ ውሃ ገደለው። ይሄን ደግሞ ትንኝ ይዞታል።» ቅሉን አሸዋው ላይ አስቀመጠች። «ቲቸር፣ እኔ አልመርጥም። ትንኝ አይኑር፤ ውሃም አይበላሽ። ሁለቱን አምጪ።»

መንገዱን በሙሉ እያጉረመረምኩ ተመለስኩ። ግቢው በር ላይ ስደርስ ግን ማጉረምረሙ አብቅቶ ማሰላሰል ጀምሬ ነበር። ሁለቱን አምጪ። ጥያቄ ማለት ይህ ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ደግሞ ሥራ ያስይዛል።

በማግስቱ ያልታመሙትን ተማሪዎቼን አሰለፍኩ፤ ለያንዳንዱ ከወጥ ቤት ነጭ የብረት ኩባያ ተዋስኩ። ነጭ ዕቃ ላይ እጭ ጥርት ብሎ ይታያል። የወባ ትንኝ እጭ ውሃው ላይ ልክ እንደ ተንሳፈፈ ስንጥር ጋደም ይላል፤ የሌላው ትንኝ ግን ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አሳየኋቸውና ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ማየቱ፣ ጠለቃው፣ ተጀመረ።

ከመጀመሪያው ኩሬ የተገኘው የተንጠለጠለ ብቻ ነው። ከሁለተኛው መሐል ምንም። እኔ ደረቴን ነፋሁ። ሦስተኛው ኩሬ ጋ ስንደርስ ሣሩ ከዳር ዳር በቅሎ ውሃው ውስጥ ተኝቷል። አንዲት ተማሪ በሣሩ መሐል ጠለቀችና «ቲቸር፣ ጋደም ያለ ነው!» አለች። ሌላውም «እኔም!» አለ። ሁሉም ኩባያ ውስጥ ጋደም ያሉት ስንጥሮች ይርገፈገፉ ነበር። የወባ ትንኝ ንጹሕ ውሃ ይወዳል፤ እኛ ደግሞ አጣርተን አጣርተን ንጹሕ ውሃ አዘጋጅተንለታል።

ሽማግሌው በእንጨታቸው ተደግፈው ያዩ ነበር።

«እንግዲህ ሰውየው አልዋሸም ልጄ።»

«አልዋሸም፤ ግን ቦታውን በሙሉ አላወቀውም» አልኩና ተማሪዎቹን ይዤ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለውን የቆመ ውሃ ሁሉ ማስጠለቅ ቀጠልኩ። የበሬ ኮቴ ያጎደጎደው፣ የተጣለ ጎማ፣ የጭቃ ጉድጓድ፤ አንዱንም አላለፍንም።

ከዚያ መፍትሔው ላይ ተቀመጥን። ሣሩ ይታጨዳል፤ ይህ ቀላል ነው፤ ሽማግሌውና ትልልቆቹ ልጆች በአንድ ቀን ጨረሱት። ግን እጩን ከውሃው ውስጥ ማን ያወጣል? በማሠልጠኛው የተማርኩት ትዝ አለኝ፤ ትንንሽ ቆሮሶ ዓሣ የትንኝ እጭ ይበላል። እነዚህን ትንንሽ ዓሣዎች ሳይሞቱ የት ነው የማገኘው ስል ግን መጽሐፉ ዝም ይላል። ስለዚህ ወደዚያችው እናት ተመለስኩ።

ስነግራት መጀመሪያ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ወደ ሜዳው ጠቆመችኝ። ባሮ በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ዓሣውም አብሮት ይወጣል፤ ውሃው ሲመለስ በየጎድጓዳው ኩሬ ይቀራል፤ ዓሣውም እዚያው ይታሰራል። ለማያውቅ ሰው ኩሬዎቹ ጌታ የሌላቸው ይመስላሉ። እያንዳንዳቸው ግን ባለቤት አላቸው። ባለቤቱ ቀን ቆርጦ «ተከፍቷል» እስኪል ድረስ ማንም እጁን አያስገባም፤ ዓሣው ያድግ ዘንድ ይተዋል። ቀኑ ሲደርስ ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ይዘው በአንድነት ይገባሉ። የቅርቡ ኩሬ ባለቤት የባሏ አጎት ነበሩ፤ የመክፈቻው ቀንም ገና ሩቅ ነው።

ሽማግሌው አጎት በቤታቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ሰሙን። እሷ በአኝዋክኛ ትናገራለች፤ እኔ ፊታቸውን አያለሁ። መጨረሻ ላይ በአማርኛ እኔኑ ጠየቁኝ።

«ትንንሹን? የዚህ ምኑ ይበላል?»

«እኛ አይደለንም የምንበላው አባቴ። እሱ ነው ትንኙን የሚበላው።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ደመወዝ ሳይጠይቅ?» አሉና ራሳቸው በነገሩ ሳቁ። «ዘንድሮ ሰው ሁሉ ተቀጠረ። ዓሣም ይቀጠር!»

በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ እሷና ሦስት ጎረቤቶቿ ብቻ እንዲገቡ ፈቀዱ። ትልልቁን ሳይነኩ እጅ የማይሞሉትን ቆሮሶዎች በቅርጫት እየቀዱ ወደ እንስራና ወደ ጀሪካን ገለበጧቸው፤ እንዳይሞቅባቸው አፉን በቅጠል ከድነው፣ በራሳቸው ተሸክመው ሽቅብ ወጡ። ሦስተኛው ኩሬ ውስጥ ስንለቃቸው ዓሣዎቹ ትንሽ ደንገጥ ብለው ቆዩ። ከዚያ አንዱ ወደ ዳር ተጠጋና ከውሃው ገጽ ላይ አንድ ነገር ጎረሠ። ተማሪዎቼ እንደ ኳስ ግብ ጮኹ።

ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ሰዉን አስከትሎ መጣ። ማጭድ፣ አካፋ፣ የልጆች ጩኸት። በርሜሎቹ እንዳሉ ናቸው። የመንደሩ ሴቶችም ወጥተው ከሸምበቆው በኩል ቆመዋል። እኔ የሠራነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ማስረዳት ስጀምር ሊቀመንበሩ እጁን ዘረጋ።

«ንግግሩን በኋላ። ኩባያውን ስጪኝ።»

ራሱ አጎንብሶ ጠለቀ። ባዶ። ፈቀቅ ብሎ ጠለቀ። ባዶ። ጥግ ላይ፣ ማጭድ ያልደረሰባት የሣር ጉንጉን ሥር ጠለቀና ኩባያውን ወደ ፀሐይ አዘንብሎ አየ። ከዚያ አፍንጫዬ ሥር አደረገው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የወባ ትንኝ እጭ ነው።»

«አንዲት?»

«አንዲት። ከጥቂት ቀን በፊት በያንዳንዱ ኩባያ ብዙ ነበር።»

«ከዚህ ኩሬ እጩ አላለቀም ማለት ነው።»

«አላለቀም። ግን ዓሣው እየሠራ ነው። አሁን ደግሞ አንድ ቦታ ላሳይህ፤ ከዚያ ፍረድ።»

ሰዉ በሙሉ ተከተለን። ወሰድኩት ወደ አዲሱ የክልል ቢሮ ጓሮ። ለግድግዳው ጭቃ ሲቆፈር የቀሩት ጉድጓዶች በአጥሩ ውስጥ ስለሆኑ ዘመቻው በየቅዳሜው አጥሩን ታክኮ ያልፋቸው ነበር። አንድ ጊዜ ጠለቀ፤ ሌላ መጥለቅ አላስፈለገውም። ኩባያው ውስጥ ያለው ሁሉ ጋደም ብሎ ይራወጣል።

«ይሄ ጉድጓድ የማን ነው?» አለ።

የእኛ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው «የመንግሥት ነው ልጄ፤ እዚህ ውስጥ ያሉት ትንኞች ማኅተም ሳይኖራቸው አይቀርም!» አሉ።

ሰዉ ፈነዳ። ሊቀመንበሩም ያንን ከሩቅ የሚሰማ ሳቁን ለቀቀው። ከዚያ ከሁለቱ በርሜሎች አንዱ እንዲመጣ አዘዘ፤ ዘይቱ በዚያው ቀን ጉድጓዶቹ ላይ ፈሰሰ፤ አፈር እንዲመለስባቸውም ወሰነ። ለኩሬዎቻችን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ጊዜ ሰጠን።

በቀጠረው ቅዳሜ መጥቶ ዙሪያውን እየዞረ ጠለቀ። የጠለቀው ሁሉ ባዶ ነበር። እኔ ማሸነፌን ሳልደብቅ ፈገግ አልኩ። እሱ ግን ኩባያውን ሲመልስልኝ ፊቱ አልፈታም።

«ዓሣው ጥሩ ነው። ግን ያልቃል መምህርት። አዳሪዎችሽ ሥጋ የሚያዩት በበዓል ነው። አንድ ወር ቆይተው ያጠምዱታል። ዓሣው ሲያልቅ ትንኙ ይመለሳል፤ ከዚህ ኩሬ በልቶ የታመመ ሰው ደግሞ እኔ ጋ ይመጣል።»

«ማስታወቂያ እንተክላለን» አልኩ። «በትልቁ፣ በአማርኛም፣ በአኝዋክኛም፣ በኑዌርኛም።»

«የሚያጠምድ ሰው ወደ ታች ነው የሚያየው» አሉ የእኛ ሽማግሌ።

ሊቀመንበሩ ወደ ቀረው በርሜል ማየት ሲጀምር ልቤ ፈራ። ያን ጊዜ ያቺ እናት ከሸምበቆው በኩል ወደ ፊት መጣች።

«ባለቤት የለውም እኮ። ለዚህ ነው የሚያስፈራው።»

«ባለቤትማ አለው፤ የትምህርት ቤቱ ነው» አልኳት።

«ትምህርት ቤት ሰው ነው? መቼ ይከፍታል? ማን ይጠይቀዋል?» ወደ ውሃው ጠቆመች። «ዓሣውን እኛ አመጣን። ውሃው ወደ እኛ ነው የሚወርደው። ባለቤቱ እኔ ልሁን።»

እኔ ነገሩን ገና በራሴ ውስጥ እያገላበጥኩ ሳለ ሊቀመንበሩ ገብቶት ነበር፤ በዚያው ሥርዓት ያደገ ሰው ነው። ወደ ሰዉ ዞሮ በአኝዋክኛ ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ቀጥሎም በአማርኛ፣ ለአዳሪዎቹ። ይህ ኩሬ ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ነው፤ እሷ ከፈትኩ ሳትል ቅርጫትም መንጠቆም የሚያስገባ ሰው የሰው ኩሬ ሰረቀ ማለት ነው። የወንዙ ዳር ልጆች እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። ለማስታወቂያ እንዲህ አይተያዩም ነበር። የደጋዎቹና የሌሎቹ ልጆችም ከእነሱ ፊት ላይ ተረዱ።

ዘይቱን ጭነው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ዘይት ወደ እኛ አልመጣም።

በትምህርት ቤቱ በቆየሁባቸው ዓመታት ቱቦው ሁለት ጊዜ ተዘጋ፤ አንድ ክረምት ጎርፍ የሸምበቆውን ቦይ ወሰደው፤ ሁሉንም ጠገንን። በየዓመቱ አዲስ ክፍል ይዤ ስወርድ ስለ መጀመሪያው ኩሬ እኔ አስረዳለሁ፤ ስለ ሁለተኛውም እኔ። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ ግን ባለቤቷ ካለች ቦታውን ለእሷ እለቅላታለሁ። ብዙ ጊዜ በቆሎዋን ሸጣ ስትመለስ በዚያ በኩል ታልፋለች፤ ዳሩ ላይ ሣር ካየች ነቅላ ትጥላለች። ዓሣዎቹ ወፍረው ጀርባቸው ከውሃው በላይ ይታይ ነበር። ከአዲሶቹ አዳሪዎች አንዱ ምራቁን እየዋጠ ይጠይቃታል።

«መቼ ነው የሚከፈተው?»

እሷም ውሃውን፣ ሸምበቆውን፣ ከታች አሸዋው ላይ የሚሯሯጡትን የመንደሯን ልጆች ተራ በተራ ታያለች፤ የምር የምታስብ ትመስላለች።

«ገና ቀን አልቆረጥኩም» ትለዋለች፤ እንስራዋንም አንሥታ ልትቀዳ ትወርዳለች።